ፋን ያለው ሂትሲንክ ይበቃኛል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰዉ ሂትሲንኩን (ሙቀት የሚበትነውን ባለ ክንፍ አሉሚኒየም) መዳፉ ላይ ያስቀምጥና ፎቶ አንስቶ «ይሄ ከፋን ጋር ይበቃኛል?» ብሎ ይልክልኛል። ከፎቶ አይታወቅም። ትልቅ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ፋኑም ጎበዝ ይመስላል፤ በቃ ይኸው ነው የማየው።

እዚህ የጻፍኩት ስታኞ ከማቅለጣችሁ በፊት፣ በእስክሪብቶና በስልክ ካልኩሌተር ብቻ፣ «ይበቃል» ወይም «አይበቃም» ማለት የምትችሉበትን መንገድ ነው። ግምት ነው። 20 ወይም 30 ፐርሰንት ሊስት ይችላል። ቢሆንም ከዓይን ግምት በብዙ ይሻላል። ምሳሌው ከላይ እስከ ታች አንድ ነው፦ ያገለገለ የሶላር ባትሪ ምን ያህል አቅም እንደቀረው የሚፈትሽ ሎድ። ከባትሪው በ12 ቮልት 5 አምፔር ይስባል። ሥራው ኃይል ማቃጠል ብቻ ስለሆነ ለእንዲህ ዓይነት ሂሳብ ከእሱ የበለጠ የሚመች ነገር የለም።

መጀመሪያ ማወቅ ያለብኝ ምንድን ነው?

ስንት ዋት ሙቀት እንደሚወጣ። የዕቃው ዋት አይደለም፣ የሙቀቱ ዋት። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው።

1000 ዋት የሚሰጥ ኢንቨርተር ቅልጥፍናው 90 ፐርሰንት ከሆነ ከባትሪው 1111 ዋት ይወስዳል። ሂትሲንኩ የሚያየው ልዩነቱን፣ 111 ዋት ነው። 7805 ሬጉሌተር ከ12 ቮልት ወደ 5 ቮልት አውርዶ 1 አምፔር ሲሰጥ 7 ቮልቱን በ1 አምፔር ታባዛላችሁ፣ 7 ዋት ሙቀት ይመጣል። ኤልኢዲ ላይ ከሚገባው ኤሌክትሪክ ከግማሽ በላዩ ሙቀት ነው ብላችሁ አስቡ፤ እኔ ለጥንቃቄ 70 ፐርሰንቱን እይዛለሁ። የእኛ ሎድ ግን ሁሉንም ያቃጥላል፦ 12 × 5 = 60 ዋት። ኃይሉን የሚያቃጥሉት ትራንዚስተሮች ሁለት ናቸው፤ ስናካፍለው እያንዳንዱ 30 ዋት ይደርሰዋል። (እኩል እንዲካፈሉ ለየብቻ መቆጣጠር ያስፈልጋል፤ እሱ ሌላ ርዕስ ነው፣ ግን አትርሱት። ዝም ብላችሁ ጎን ለጎን ካሰራችኋቸው አንዱ ይሸከምና ሌላው ያያል።)

ቴርማል ሬዚስታንስ የሚሉት ምንድን ነው? ያስፈራኛል።

አያስፈራም። ኬላ አስቡ። ሙቀቱ ከቺፑ (ትራንዚስተሩ ውስጥ ካለችው ትንሽ ሲሊኮን) ተነስቶ አየሩ ጋ እስኪደርስ ሦስት ኬላ ያልፋል። አንደኛው ከቺፑ ወደ ትራንዚስተሩ የብረት ጀርባ፣ ሁለተኛው ከጀርባው በፔስቱ (በመሀል በሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) በኩል ወደ ሂትሲንኩ፣ ሦስተኛው ከሂትሲንኩ ወደ አየሩ። በየኬላው እያንዳንዱ ዋት ቀረጥ ይከፍላል፣ ቀረጡም የሚቆረጠው በዲግሪ ነው። «0.7 ዲግሪ በዋት» ማለት 1 ዋት ሲያልፍ በኬላው ወዲህና ወዲያ 0.7 ዲግሪ ልዩነት ይፈጠራል ማለት ነው። 30 ዋት ካለፈ 21 ዲግሪ። በቃ፣ ማባዛት ነው።

ሦስቱን ትደምራላችሁ፣ የአየሩን ሙቀት ትጨምሩበታላችሁ፣ የቺፑ ሙቀት ይወጣል።

ለማውጣት የተፈቀደልኝ ስንት ዲግሪ ነው?

ይሄ የእናንተ በጀት ነው፣ ሁሉም ነገር የሚለካው በሱ ነው። ዳታሺቱን (አምራቹ የሚያወጣውን የዕቃውን መረጃ ወረቀት) ክፈቱና ቺፑ የሚችለውን ከፍተኛ ሙቀት ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ 150 ወይም 175 ዲግሪ ነው። እዚያ ድረስ አትሂዱ። እኔ 110 ላይ እቆማለሁ፤ ግምቱ ቢስት፣ ፋኑ ቢያረጅ፣ አቧራ ቢገባ መተንፈሻ አለኝ።

ከዚያ ከታች የአየሩን ሙቀት ትቀንሳላችሁ። እዚህ ላይ የሚሳሳተው ሰው ከየትኛውም ቦታ ይበልጣል። አየሩ ማለት የክፍሉ አየር አይደለም፣ ፋኑ የሚስበው አየር ነው። ክፍሉ 25 ዲግሪ ቢሆን የተዘጋ ሳጥን ውስጥ 10 ዲግሪ መጨመሩ የተለመደ ነው። ስለዚህ 35 እንበል። 110 ሲቀነስ 35፣ 75 ዲግሪ። ለሦስቱ ኬላ የምንከፍለው ይቺን ነው።

ዳታሺቱ «214 ዋት ይችላል» ይላል። ታዲያ 30 ዋት ምን ያሰጋዋል?

ይሄን ጥያቄ እወደዋለሁ። ለሎዱ የመረጥኩት አይአርኤፍፒ 250 ኤን የሚባለውን ሞስፌት (የትራንዚስተር ዓይነት) ነው፣ ዳታሺቱ ላይ እውነትም 214 ዋት ተጽፏል። ግን አጠገቡ በትንሹ የተጻፈውን አንብቡ፦ ጀርባው 25 ዲግሪ ሆኖ ሲቆይ። 214 ዋት እየተፋ ጀርባው 25 ዲግሪ የሚቆይ ትራንዚስተር የሚፈልቅ ምንጭ ውኃ ውስጥ ካልነከራችሁት በቀር የለም። ቁጥሩ የመጣው በቀላል ስሌት ነው፦ 175 ሲቀነስ 25፣ 150 ዲግሪ፤ ለአንደኛው ኬላ 0.7 ሲካፈል 214። ማለትም ሁለተኛውና ሦስተኛው ኬላ ነፃ ናቸው ብሎ ያሰላው ነው። ከዚያ መስመር ለእኛ የሚጠቅመን 0.7 ብቻ ነው።

ፔስት፣ ሚካ፣ የሲሊኮን ላስቲክ... ልዩነት አለው?

አለው እንጂ! ጠቅላላው ነገር ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ነው።

ለዚህ መጠን ትራንዚስተር (ቲኦ 247 የሚባለው ቀፎ) ለስላሳ ገጽ ላይ በስሱ ፔስት ተቀብቶ በደንብ ሲታሰር ዳታሺቱ 0.24 ዲግሪ በዋት ይላል። በመሀል ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚደረገው የሲሊኮን ላስቲክ ከገባ ወደ 1 ይጠጋል፣ ርካሹ ከሆነ ከዚያም ያልፋል። በ30 ዋት ስናሰላው፦

በፔስት ብቻ፦ 30 × (0.7 + 0.24) = 28 ዲግሪ።
በላስቲክ፦ 30 × (0.7 + 1) = 51 ዲግሪ።

23 ዲግሪ ልዩነት፣ በአንዲት ቁራጭ ላስቲክ።

የመጀመሪያውን ሎድ ስሠራ ይሄን አላውቅም ነበር። ሁለት ትራንዚስተር ተቃጠለብኝ። ፋኑ አንሶ ነው ብዬ ሁለተኛ ፋን ጨመርኩ፤ ሦስተኛው ትራንዚስተርም ሄደ። ሂትሲንኩን ስነካው ለብ ያለ ነው፣ ግራ ገባኝ። ጥፋቱ ከሱቅ የገዛሁት ወፍራም ላስቲክ ነበር፤ ሙቀቱ አንደኛውና ሁለተኛው ኬላ ላይ ተጠራቅሞ እኔ ሦስተኛው ኬላ ላይ መንገድ አሰፋለሁ።

ላስቲኩን አውጥቶ በፔስት ብቻ ማሰር ግን የራሱ ጣጣ አለው። የትራንዚስተሩ ጀርባ ከድሬኑ (ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር ከሚገናኘው እግሩ) ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሂትሲንኩ ራሱ የባትሪው ፖዘቲቭ ይሆናል። ሁለቱ ትራንዚስተሮች ድሬናቸው የጋራ ስለሆነ በመካከላቸው ችግር የለም። ሂትሲንኩ ግን ከብረት ሳጥኑ ጋር እንዳይነካካ በፕላስቲክ መለየት አለበት። የሶላር ባትሪ ሾርት ሲያደርግ የሚተፋው አምፔር ካቻቢቴ ያቀልጣል። የመብራት ኃይል ቮልቴጅ ያለበት ዕቃ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ይሄን ዘዴ እርሱት፣ መለያውን አታውጡ፤ በቀጭን ሚካና በፔስት ሥሩት፣ ሂሳቡንም በዚያው አስሉ።

ፔስት ሲበዛ ይሻላል?

አይሻልም። ፔስት ሙቀት በማስተላለፍ አሉሚኒየምን አያክልም፣ በመቶ እጥፍ ገደማ ያንሳል። ጥቅሙ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለችውን የአየር ክፍተት መሙላት ነው፣ አየር ከፔስትም በጣም የባሰ ስለሆነ። በስሱ ቀቡና ብሎኑን በደንብ እሰሩ። እንደ ማርማላታ አይቀባም።

እሺ፣ ለሂትሲንኩ ስንት ቀረለት?

75 ነበረን። በፔስት ካሰርን 28 ወጣ፣ 47 ቀረ። ሂትሲንኩ የሚሸከመው የሁለቱንም፣ 60 ዋት ነው። 47 ለ60 ሲካፈል 0.78። ስለዚህ ከነፋኑ ከ0.78 ዲግሪ በዋት የማይበልጥ ሂትሲንክ ያስፈልገናል።

በላስቲክ ካሰርን 51 ወጣ፣ 24 ቀረ። 24 ለ60፣ 0.4። የሂትሲንኩ ቁጥር በግማሽ ገደማ መቀነስ አለበት ማለት ነው። ላስቲኳ ብር ቆጠበችልን ወይስ አስወጣችን?

የእኔ ሂትሲንክ ዳታሺት የለውም፣ ከተበተነ ዕቃ የወጣ ነው። ቁጥሩን ከየት ላምጣ?

መርካቶ በኪሎ ከሚሸጡት ውስጥ ዳታሺት ያለው የለም፣ ስለዚህ እንለካለን። ማስመሪያ ብቻ ነው የሚፈለገው። የእኔ ሂትሲንክ ይሄን ይመስላል፦ ስፋቱ 80 ሚሊሜትር፣ በአየሩ አቅጣጫ ርዝመቱ 100፣ የክንፎቹ ቁመት 30፣ ክንፎቹ 12፣ የእያንዳንዱ ውፍረት 1.5።

መጀመሪያ አየሩ የሚነካውን ስፋት። አንድ ክንፍ ሁለት ፊት አለው፦ 12 × 2 × 0.1 × 0.03 = 0.072 ካሬ ሜትር። በክንፎቹ መሀል ያለውን ወለል ስንጨምር 0.078።

ቀጥሎ አየሩ የሚያልፍበት ቀዳዳ። 12 ክንፍ ሲባዛ 1.5፣ 18 ሚሊሜትሩን ክንፍ ይዞታል፣ 62 ቀረ። 62 በ30፣ 18.6 ካሬ ሴንቲሜትር። ፋኑ በዚህ ውስጥ በትክክል የሚያሳልፈው 25 ሜትር ኩብ በሰዓት ነው እንበል (ለምን 25 እንደሆነ ከታች አለ)። ለ3600 አካፍላችሁ፣ ከዚያ ለ0.00186 ስታካፍሉት ፍጥነቱ 3.7 ሜትር በሰከንድ ይመጣል።

ሦስተኛው፣ አየሩ ሙቀት የማንሳት ችሎታው። እዚህ የምጠቀምባት አንዲት አጭር ቀመር አለችኝ፦ ፍጥነቱን በሜትር በሰከንድ ውሰዱ፣ በአየሩ አቅጣጫ ላለው ርዝመት በሜትር አካፍሉ፣ ስኩዌር ሩቱን አውጡ፣ በ4 አባዙ። 3.7 ለ0.1 ሲካፈል 37፣ ስኩዌር ሩቱ 6.1፣ በ4 ሲባዛ 24። ትርጉሙ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት 24 ዋት ያነሳል ነው። ቀመሯ የመጣችው ከጠፍጣፋ ሳህን ላይ ከሚያልፍ ለስላሳ አየር ስለሆነ ለጠባብ የክንፍ መሀል ትንሽ ትሳሳለች፣ ማለትም ከእውነታው ያነሰ ትሰጣችኋለች። ለግምት እንዲህ ያለ ስህተት ጥሩ ስህተት ነው።

አሁን ይገጣጠማል። 24 × 0.078 = 1.87። የክንፉ ጫፍ ከሥሩ ትንሽ ስለሚቀዘቅዝ 5 ፐርሰንት ቀንሱ፣ 1.78። 1 ለ1.78 ሲካፈል 0.56 ዲግሪ በዋት።

0.78 ተፈቅዶልናል፣ 0.56 አገኘን። አለፈ! ግን ገና አትጨፍሩ።

ለምን ገና?

ሁለት ነገር ስላልቆጠርን። አንደኛው፣ አየሩ ራሱ በክንፎቹ መሀል ሲያልፍ ይሞቃል። መጨረሻ ላይ ያለው ክንፍ የሚያገኘው የሞቀ አየር ነው። የአየሩ ጭማሪ በባሕር ወለል ላይ፦ ዋቱን በ3 አባዙና በሜትር ኩብ በሰዓት ለሚለካው ፍሰት አካፍሉ። 60 × 3 ለ25 = 7.2 ዲግሪ። በአማካይ ግማሹን ቁጠሩ፣ 3.6። ፋኑ ትንሽ ወይም የታፈነ ከሆነ ይቺ ቁጥር ታድግና ክንፍ ብትጨምሩም የማትረቡበት ደረጃ ላይ ታደርሳችኋለች።

ሁለተኛው፣ አዲስ አበባ ናችሁ።

ከፍታው ምን አገናኘው? አዲስ አበባ ብርድ አይደል እንዴ?

ብርድ ነው፣ እሱ ይጠቅማል። ግን ከ2300 ሜትር በላይ ላይ አየሩ ስስ ነው። በባሕር ወለል አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ እዚህ 0.9። ፋኑ በደቂቃ የሚያሽከረክረው ሜትር ኩብ ያው ነው፣ በውስጡ ያለው አየር ግን በሩብ ቀንሷል። ሙቀት የሚሸከመው ክብደቱ እንጂ ስፋቱ አይደለም።

ስለዚህ ከላይ ያለችው 3 ለአዲስ አበባ 4 ትሆናለች። 60 × 4 ለ25 = 9.6፣ ግማሹ 4.8 ዲግሪ። የክንፉም ሙቀት የመስጠት ችሎታ ይወርዳል፣ በሩብ ግን አይደለም፤ ለለስላሳ ፍሰት ወደ 0.87 እጥፍ ይሆናል። 0.56 ለ0.87 ሲካፈል 0.64።

አሁን ሙሉውን ሂሳብ፦ 0.64 × 60 = 38.4፣ ሲደመር 4.8፣ 43 ዲግሪ። የነበረን 47 ነው። አለፈ፣ በ4 ዲግሪ። ቺፑ፦ 35 + 43 + 28 = 106።

ውጭ አገር የተሠራ ዕቃ መመሪያ ላይ «ከ1000 ሜትር በላይ አቅሙን ቀንሱ» የሚል መስመር አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ምክንያቱ ይሄው ነው። ብዙ ሰው ዘሎት ያልፋል፣ አዲስ አበባ፣ ደብረ ብርሃን፣ ደሴ ላይ የተተከለ ኢንቨርተር ግን አይዘለውም።

እኔ ዱባይ ነኝ፤ ከፍታ የለም። ተረፍኩ?

አልተረፍክም። አየሩ ወፍራም ነው፣ ግን በበጋ 45 ዲግሪ ጥላ ውስጥ ነው። ሳጥኑ ውስጥ 55 እንበል። ሂትሲንኩ በባሕር ወለል 0.56 × 60 = 34፣ ሲደመር 3.6፣ 37 ገደማ። 55 + 37 + 28 = 120። ከአዲስ አበባው በ14 ዲግሪ የባሰ። ጅቡቲና ሰመራ ላሉትም ሂሳቡ ያው ነው። ለእናንተ ወደ 110 እንዲወርድ ወይ አምፔሩን ቀንሱ ወይ ሂትሲንኩን አሳድጉ ወይ ፋኑ ከሳጥኑ ውጭ ያለውን አየር በቀጥታ እንዲስብ አድርጉ። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ በነፃ ነው፤ አንድ ቀዳዳ መብሳት።

ፋኑ ላይ 30 ሲኤፍኤም ተጽፏል። ለምን 25 ሜትር ኩብ ብቻ ቆጠርክ?

1 ሲኤፍኤም (ኪዩቢክ ጫማ በደቂቃ) 1.7 ሜትር ኩብ በሰዓት ስለሆነ 30ው 51 ይሆናል። ግን ያ ቁጥር ፋኑ ክፍት አየር ላይ፣ ፊቱ ምንም ሳይኖር ሲሽከረከር የሚሰጠው ነው። ክንፎች ፊት ለፊት ሲቆሙ ፍሰቱ ይወርዳል። ሌላው ጫፍ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ቢዘጋ የሚፈጥረው ግፊት ነው፤ እዚያ ላይ ፍሰቱ ዜሮ ነው። እውነቱ በመሀል ነው። የፋኑን ኩርባ (ግፊቱንና ፍሰቱን የሚያሳየውን ግራፍ) ካገኛችሁ እሱን ተከተሉ፣ ካላገኛችሁ ግማሹን ያዙ። ክንፎቹ በጣም የተጠጋጉ ከሆኑ (2 ሚሊሜትር አካባቢ) ሩቡን ያዙ። ሰው ይሄን ሲሰማ ይናደዳል፣ ሻጩ ያታለለው ይመስለዋል። ማንም አላታለለም፣ የተለካው እንደዚያ ነው።

ሁለት ፋን ብጨምር ወይም ፍጥነቱን እጥፍ ባደርገውስ?

ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ፍሰቱ እጥፍ ይሆናል፣ ፋኑ የሚበላው ኃይል ግን 8 እጥፍ ይሆናል፣ ጩኸቱም ጎረቤት ያስመርራል። ክንፉ ሙቀት የመስጠት ችሎታው የሚጨምረው በስኩዌር ሩት ነው፣ ማለትም በ1.4 ብቻ። የእኛ 38 ዲግሪ ወደ 27 ትወርዳለች። ጥሩ ነው፣ ግን ላስቲክ ማውጣት 23 ዲግሪ ሰጥቶን ነበር፣ ያለ ጩኸት።

ፋኑ ይንፋ ወይስ ይሳብ?

ብዙ ጊዜ መንፋት ይሻላል። አየሩ እየተናወጠ ስለሚገባ ክንፉን በደንብ ይልሰዋል፣ ፋኑም ራሱ ቀዝቃዛ አየር ውስጥ ስለሚቀመጥ ዕድሜው ይረዝማል። ግን ከአቅጣጫው ይልቅ የሚያሳስበኝ ማምለጫው ነው። አየር ሰነፍ ነው፣ ክንፉ መሀል ከመግባት ዙሪያውን መሄድ ይቀለዋል። በፋኑና በሂትሲንኩ ዙሪያ ከካርቶን ዋሻ ሠርታችሁ ብታሽጉት ለውጡን ወዲያው ታዩታላችሁ። ለሙከራ ካርቶን፣ ለቋሚ ቀጭን ቆርቆሮ ወይም ፕላስቲክ። ፋኑን ደግሞ ክንፉ ላይ አትለጥፉት፤ መሀሉ ላይ ያለው ሞተር አየር አይሰጥም፣ አንድ ሁለት ሴንቲሜትር ካራቃችሁት አየሩ ይበተናል።

ጥቁሩ ሂትሲንክ ከነጩ ይሻላል ይባላል?

ያለ ፋን አዎ። በፋን ልዩነቱ ከቁጥር አይገባም። ለቀለም ብር አትጨምሩ።

ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣ የሲፒዩ ማቀዝቀዣ ይሆነኛል?

ከሁሉም የምመክረው እሱን ነው። ዋሻው፣ ፋኑ፣ ክንፉ አብረው ታስበው የተሠሩ ናቸው። ቁጥሩንም መገመት ቀላል ነው፦ ለ95 ዋት ሲፒዩ የተሠራ ከሆነ፣ የሲፒዩው ክዳን 70 ዲግሪ አካባቢ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው አየር 40 አካባቢ ሆኖ እንዲሠራ ነው የታሰበው። 30 ለ95፣ 0.3 ገደማ። ለከፍታው ትንሽ ጨምሩበትና 0.4 በሉት። ከእኛ 0.72 ገደማ (43 ለ60) ጋር ስታወዳድሩት ልዩነቱ ይገባችኋል።

አንድ ችግር አለው። ሙቀቱን የሚቀበለው መሀሉ ላይ ያለች ሦስት አራት ሴንቲሜትር ቦታ ናት። ሁለት ትልልቅ ትራንዚስተር እዚያ አይገቡም፣ በጠርዙ ላይ ካሰራችኋቸው ደግሞ ያ 0.4 ቀረ። በመሀል ወፈር ያለ የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ሳህን ማስገባት ይቻላል፣ ያ ግን አራተኛ ኬላ ነው፤ እሱንም ቁጠሩት።

ፋኑ ቢቆምስ?

ያለ ፋን አንድ ካሬ ሜትር ለአንድ ዲግሪ የሚሰጠው 6 ዋት ገደማ ብቻ ነው። 6 × 0.078 = 0.47፣ ማለትም 2.1 ዲግሪ በዋት። በ60 ዋት 128 ዲግሪ። 35 + 128 + 28 = 191። የቺፑ ገደብ 175 ነበር። ሞቷል።

ስለዚህ በሙቀት የሚቆርጥ ስዊች ግጠሙ፣ ኬኤስዲ 9700 የሚባለው ትንሹ ይበቃል፣ ርካሽም ነው። ከትራንዚስተሩ አጠገብ ሂትሲንኩ ላይ ይታሰራል። የእኛ ሂትሲንክ በደህና ቀን 35 + 43 = 78 ዲግሪ ስለሚደርስ 90 ላይ የሚቆርጠውን ነው የገዛሁት። የትራንዚስተሩን ጌት (የሚከፍተውና የሚዘጋው እግር) መቆጣጠሪያ እንዲቆርጥ አድርጉት፣ 5 አምፔሩን ራሱ በሱ ውስጥ አታሳልፉ።

ሂትሲንኩን በእጄ ስነካው ካላቃጠለኝ ደህና ነው ማለት አይደለም?

አይደለም። ዋቱ ያው እስከሆነ ድረስ ፔስቱ ጥሩም ሆነ መጥፎ ሂትሲንኩ የሚደርስበት ሙቀት ያው ነው። የሚለያየው ቺፑ ነው። የእኔ ሦስት ትራንዚስተሮች የሞቱት ለብ ባለ ሂትሲንክ ላይ እንደነበር አስታውሱ። ደግሞ በተቃራኒው 78 ዲግሪ ሂትሲንክ አንድ ሰከንድ አያስነካም፣ በእኛ ሂሳብ ግን ፍጹም ጤነኛ ነው።

ግምቱን በምን ላረጋግጥ?

ሂትሲንኩን ብቻውን ፈትኑት። አሉሚኒየም ቀፎ ያለው ባለ 50 ወይም ባለ 100 ዋት ሬዚስተር ትራንዚስተሩ በሚቀመጥበት ቦታ በፔስት እሰሩ፣ ከፓወር ሰፕላይ 30 ወይም 40 ዋት ስጡት፣ ፋኑን አብሩ። ከዚያ ጠብቁ። ግማሽ ኪሎ አሉሚኒየም አንድ ዲግሪ ለመሞቅ 450 ጁል ይፈልጋል፤ በእኛ 0.6 ዲግሪ በዋት ስታባዙት 270 ሰከንድ ይመጣል፣ ሙሉ በሙሉ ለመረጋጋት የዚህን አምስት እጥፍ፣ 22 ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል። አምስት ደቂቃ አይታችሁ «ቀዝቃዛ ነው!» ብላችሁ አትነሱ። ቡና አፍሉ፤ ቢያንስ አቦሉ እስኪቀዳ።

ከዚያ የሂትሲንኩን ሙቀት ለኩ፣ ፋኑ የሚስበውን አየር ሙቀት ቀንሱ፣ ለዋቱ አካፍሉ። የሚወጣው የሂትሲንኩ እውነተኛ ቁጥር ነው፣ ከፍታውም አቧራውም የፋኑ እርጅናም ውስጡ ተቆጥሯል። ከመልቲሜትር ጋር የሚመጣው ቴርሞካፕል (የሙቀት መለኪያ ሽቦ) በቂ ነው፤ ጫፉን ከሬዚስተሩ አጠገብ በትንሽ ፔስት አስጠጉት። ሽጉጥ የሚመስለው የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ግን በሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ላይ ይዋሻል፣ የሚያነበው በአብዛኛው የክፍሉን ነጸብራቅ ነው። ጥቁር የኤሌክትሪክ ናስትሮ ለጥፉና ናስትሮው ላይ አነጣጥሩ።

ያገኛችሁትን ቁጥርና ቀኑን በማርከር ሳጥኑ ክዳን ውስጥ ጻፉት። የእኔ መጀመሪያ 0.61 ነበር። ከስምንት ወር በኋላ ስለካው 0.83 ሆኖ አገኘሁት፤ በክንፎቹ መሀል የአቧራ ብርድ ልብስ ተነጥፎ ነበር። በቀለም ብሩሽ ጠረግኩት፣ 0.63።